የጭራ ጎማው ለምን ይርገበገባል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፦ እንደ ፓይፐር ከብ፣ ኤሮንካ ቻምፕ፣ ሲታብሪያ፣ ሴስና 140 እና 170 ባሉ የድሮ ትናንሽ አውሮፕላኖች ጭራ ሥር ያለው ጎማና ከፔዳል ጋር የሚያገናኘው መሪ። ጸሐፊዎቹ ቁልፍና ግራሶ የለመዱ ስለሆኑ በጋራዥ አማርኛ እንመልሳለን። የአውሮፕላኑ ማኑዋል ከእኛ መልስ የተለየ ነገር ካለ ማኑዋሉ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር የያዝነው ሴስና 170 ስናርፍ፣ ፍጥነቱ እየቀነሰ ሲመጣ፣ ጭራው በኃይል ይርገበገባል፤ ፔዳሉ እግራችንን ይመታዋል። መጀመሪያ ጎማውን ቀየርን። ቀጥሎ የመሪውን ሞላዎች አጠበቅን። በመጨረሻ ሙሉውን አውርደን አዲስ ስኮት 3200 የጭራ ጎማ ገጠምን። ትንሽ ጊዜ ደህና ሆኖ ቆየና ተመለሰ። ምን ቀረን? — ከሚኒያፖሊስ

መልስ፦ የቀራችሁ እስካሁን ያልነካችሁት ነገር ነው፦ ባሌስትራው፣ ጎማውን ከአውሮፕላኑ ጭራ ጋር የሚያያይዘው ቅስት ብረት። ፓይለቶች ሺሚ የሚሉት ይህ መርገብገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከጎማው ሳይሆን ጎማው ከተሰቀለበት አንግል ነው። አዲሱ ስኮት ለጊዜው ያስታገሰው የውስጥ ሰበቃው ገና ጠንካራ ስለነበረ ነው። ሰበቃው ትንሽ ሲላላ ከሥሩ ያልተነቀለው ችግር ብቅ አለ።

የጎማው ሹካ በፔርኖ፣ ማለትም በቋሚው መዞሪያ ዘንግ፣ ዙሪያ ይዞራል። አውሮፕላኑን ከጎን ሆናችሁ ስታዩት፣ የፔርኖውን መስመር በሐሳብ እስከ መሬት ብታወርዱት፣ መስመሩ መሬት የሚነካው ጎማው ከሚነካበት ነጥብ ቀደም ብሎ ወደ አፍንጫው በኩል መሆን አለበት። ጎማው ከዚያ ነጥብ ኋላ እየተጎተተ ስለሚሄድ ራሱን ያቀናል። ባሌስትራው አዲስ ሳለ ቅስቱ ጫፉን ቁልቁል ስለሚያደርገው የፔርኖው አናት በትንሹ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ትክክለኛው አቋም ይህ ነው። ባሌስትራው በጭነትና በዕድሜ ሲረግብ ጫፉ ቀና ይላል፣ የፔርኖው አናትም ወደ ፊት ይመጣል፣ ጎማው የሚጎተትበት ርቀት ያጥራል። ያኔ ጎማው ጉብታ ሲመታው ወደ መሃል ይመለሳል፣ መሃሉን አልፎ ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚያቆመው የፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። አውሮፕላኑ ጠንካራና ልሙጥ ወለል ላይ ይቁም፤ የሦስቱም ጎማዎች አየር ልክ ይሁን። በተለመደው ጭነት መለካት አለበት፤ ማለትም ነዳጁ ይኑር፣ ወንበሮቹ ላይ ሁለት ሰው ወይም በዚያው ክብደት አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይቀመጥ። ባዶ አውሮፕላን ላይ የተለካ አንግል ያታልላል። ከዚያ አውሮፕላኑን በእጅ ጥቂት ሜትሮች ወደ ፊት ግፉት፤ ሹካው ወደ ኋላ ተዘርግቶ ቀጥ ይላል፣ የፊት እግሮቹም ይረጋጋሉ። ጭራውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ ልቀቁት። አሁን ዲጂታል የአንግል መለኪያ በፔርኖው ራስ ልሙጥ ገጽ ላይ አስደግፉ። መለኪያው ከሌለ ቱንቢ ከፔርኖው ጎን አንጠልጥላችሁ፣ ስልካችሁን በፔርኖው ከፍታ ልክ ይዛችሁ ከጎን ፎቶ አንሱና መስመሮቹን አስተያዩ። ፔርኖው ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ወይም አናቱ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ካዘነበለ ደህና ነው። ወደ ፊት ካዘነበለ፣ አንድ ዲግሪም ቢሆን፣ በሽታውን አገኛችሁት። ወደ ኋላ ማዘንበሉም ከመጠን ካለፈ ጎማው በክብደት ወደ ጎን መውደቅ ይጀምራል፣ መሪውም ይከብዳል። “ትንሽ ጥሩ ከሆነ ብዙ ይሻላል” እዚህ አይሠራም።

መፍትሔው ሦስት ነው፤ ደረጃቸው ግን እኩል አይደለም። የተሻለው ለሞዴሉ የተፈቀደ አዲስ ባሌስትራ ነው። ሁለተኛው የባሌስትራ ሥራ ለሚያውቅ ቤት ሰጥቶ ቅስቱን ማስመለስ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ከተቀሰተ በኋላ በሙቀት ካልታከመ ብዙም ሳይቆይ ይረግባል። በቀዝቃዛው በመዶሻ የተቀሰተ ባሌስትራ ደግሞ ስንጥቅ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሦስተኛው በባሌስትራው ጫፍና በጎማው መያዣ መካከል ሾጣጣ ማስገቢያ ማድረግ ነው። ወፍራሙ ጎን ወደ የት እንደሚሆን የሚወስነው መያዣው ከባሌስትራው በላይ ወይም በታች መቀመጡ ስለሆነ፣ ቡሎኑን ሳታጠብቁ አንግሉን እንደገና ለኩ። ለሞዴሉ ያልተፈቀደ ማስገቢያ የዲዛይን ለውጥ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባሌስትራ ላይ ብየዳ ወይም አዲስ ቀዳዳ ግን በፍጹም! የሚሰበረውም ቀዳዳው ጋ ወይም ማሰሪያው በሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ነው።

አንግሉ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ሁለተኛው ተጠርጣሪ ልልነት ነው። ጭራውን በማቆሚያ ላይ አንሱ፤ አንዳችሁ ጎማውን ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁ፣ ሌላችሁ እንቅስቃሴው የት እንደሚጀምር ተመልከቱ። ቸርኬው በአክሱሉ ላይ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ነው። ሹካው ከነፔርኖው ከተንቀሳቀሰ ቦኮላው ነው። ባሌስትራው ራሱ ከፊውዝላጁ (ከአውሮፕላኑ ገላ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከተንቀሳቀሰ ግን የፊተኛው ቡሎን ወይም ቀዳዳው ተበልቷል፤ ያን ጊዜ ጎማው ላይ የምታወጡት ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው። ብዙ ላሜራ ባላቸው ባሌስትራዎች ማሰሪያው ሲላላ ላሜራዎቹ እንደ ማራገቢያ ይገለጣሉ፤ ይህም መርገብገብን ይጋብዛል። የጎማው አየር ማነስ ደግሞ ለማየት የሚቀለው ምክንያት ነው፤ አየሩን በዓይን ሳይሆን በመለኪያ እዩ።

ሺሚ ሲጀምር አትታገሡት። ቀስ ብላችሁ አቁሙ። እስከ ሃንጋር ድረስ እየተርገበገበ የተነዳ አውሮፕላን የራደሩን (በፔዳል የሚታዘዘውን የጭራውን ቋሚ መሪ) ቀንድ፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚታሰርበትን ክንድ፣ ይሰነጥቃል፣ የባሌስትራውን ቡሎን ይበላል። አንድ ጊዜ ክፉኛ ከተርገበገበ በኋላ ቀንዱን፣ ብየዳዎቹንና የቡሎን ቀዳዳዎቹን በማጉያ መነጽር ማየት ግዴታ ነው። ያጠበቃችኋቸውን ሞላዎች ደግሞ ወደ ነበሩበት መልሷቸው፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው መልስ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኤሮንካ ቻምፕ ላይ ከራደር ቀንድ ወደ ጎማው የሚሄዱት ሰንሰለቶች ምን ያህል መወጠር አለባቸው? አንዱ መካኒክ “ጥብቅ አድርግ፣ መሪው ፈጣን ይሆናል” ይላል፤ ሌላው “ይላላ” ይላል። — ከሲያትል

መልስ፦ ሁለተኛው ትክክል ነው፤ ልኩን ካወቀ።

አውሮፕላኑ በሦስት ጎማ ቆሞ፣ ራደሩም ጎማውም ቀጥ ብለው ሳለ፣ ሞላዎቹ መሳብ የለባቸውም፤ ሰንሰለቱም በትንሹ ረገብ ብሎ መታየት አለበት። በጣት ስትነኩት ይወዛወዝ፣ ነገር ግን ቁልቁል ተንጠልጥሎ እንደ ከረጢት አይውረድ። ዋናው ነገር ግራና ቀኙ እኩል መሆናቸው ነው። አንዱ ቀድሞ ከሳበ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ እናንተም ሳታውቁት በፔዳል ትታገሉታላችሁ።

ከመጠን በላይ መወጠር ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ጭራው ከመሬት ሲነሳ ክብደት ከባሌስትራው ላይ ይወርዳል፤ ባሌስትራው ይዘረጋል፣ በቀንዱና በጎማው መካከል ያለው ርቀት ይለወጣል። መሬት ላይ ጥብቅ የነበረው ሰንሰለት አየር ላይ የበለጠ ሊወጠርና ራደሩን ያለማቋረጥ ሊጎትት ይችላል። ሁለተኛ፣ በጎን ነፋስ ስታርፉ ራደሩ ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ሳለ ጎማው መሬት ይነካል። ሰንሰለቱ ጥብቅ ከሆነ ጎማው ራደሩን ተከትሎ ታጥፎ ይጠብቃል፤ ሲነካ ጭራውን ይወረውረዋል። ሞላው የተፈጠረው ይህን ምት እንዲያለዝብ ነው። ሦስተኛ፣ ተቆልፎ የሚለቀቅ (አንግሉ ሲበዛ ከመሪው ተላቆ በነፃ የሚዞር) የጭራ ጎማ ካላችሁ፣ የመሪው ክንድ እስከ መልቀቂያው አንግል እንዳይደርስ ጥብቁ ሰንሰለት ይይዘዋል። ከዚያ “ጎማው አይለቅም” ይባልና ጥፋቱ በጎማው ላይ ይለጠፋል።

ከመጠን በላይ መላላትም ጥሩ አይደለም። ፔዳሉ ብዙ ከሄደ በኋላ ነው ጎማው የሚሰማው፤ ፓይለቱም ከመጠን በላይ ይረግጣል፣ ከዚያ በሌላው ወገን ያርማል፣ አውሮፕላኑ እንደ እባብ ይሄዳል። የረገበ ሰንሰለት መንጠቆውም ከቀለበቱ ሊወጣ ይችላል።

ስታስተካክሉ የሰንሰለት ቀለበት በመቁጠር ብቻ አትመኑ፤ በአንዳንድ አውሮፕላኖች ግራና ቀኝ ሞላዎቹ ሆን ተብሎ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱ በአንድ ምት አብረው እንዳይርገበገቡ። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ሆኖ ብታገኙት “ተሳስቶ የተገጠመ ነው” ብላችሁ ከመጣላችሁ በፊት የዕቃ ካታሎጉን ተመልከቱ። ካስተካከላችሁ በኋላ ጭራውን አንሱና ራደሩን እስከ መጨረሻው፣ ማለትም እስከ ማቆሚያው፣ በሁለቱም ወገን ግፉት፤ ጎማውን በእጅ ወደ ተቃራኒው ይዛችሁም ድገሙት። ራደሩ ማቆሚያውን ሳይነካ ሰንሰለቱ ከያዘው አልተስተካከለም። ሞላው ወይም መንጠቆው የራደሩን ጨርቅ ወይም የኤሌቬተሩን (በአግድም ጭራው ላይ ከፍ ዝቅ የሚለውን መሪ) ጠርዝ የሚነካ ከሆነም እንዲሁ።

ስለ ሞላው ዓይነት አንድ ነገር እንጨምር። ሲሳብ የሚረዝም ሞላ ሲሰበር ግንኙነቱ ይቋረጣል። ሁለት የሽቦ ቅንፎች ገብተውበት ሲሳብ የሚጨመቅ ሞላ ግን ቢሰበርም ቅንፎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ መሪውም በከፊል ይቀጥላል። ምርጫ ካላችሁና ለአውሮፕላኑ ከተፈቀደ፣ የሚጨመቀውን ያዙ።

ጥያቄ፦ የምንሠራው ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) በሚጎትት ሱፐር ከብ ላይ ነው፤ በቀን ደጋግሞ ያርፋል፣ መሬቱ አቧራ ነው። አጭር መዞሪያ ላይ የጭራ ጎማው አልለቅ ይላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ቀጥታ ስንነዳ በራሱ ይለቃል። ሁለቱ እንዴት በአንድ ጎማ ላይ ይከሰታሉ? — ከአፉላ፣ እስራኤል

መልስ፦ ሁለቱም የሚመጡት ከአንድ ትንሽ ዕቃ ነው። በስኮትም ሆነ በማውል ጎማ ውስጥ፣ የመሪው ክንድ ሹካውን የሚይዘው በሞላ የሚገፋ ጥርስ በጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ነው። ሹካው ከመሃል የተወሰነ አንግል ሲያልፍ ጥርሱ ከጎድጓዳው ተገፍቶ ይወጣል፣ ጎማውም ዙሪያውን በነፃ ይዞራል። አንግሉ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም በጥቅሉ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ መካከል ነው። አቧራ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቀላቀል እንደ ሸክላ ይደርቃል፤ ጥርሱ በመንገዱ ላይ ይጣበቃል። ገብቶ ከተጣበቀ አይለቅም፣ ወጥቶ ከተጣበቀ አይቆልፍም። ጠርዙ ከተበላ ደግሞ ገብቶም አይይዝም፤ ይህ ከሁሉ አደገኛው ነው። ሲያርፉ፣ ራደሩ አየር ባጣበት ሰዓት፣ መሪ የሌለው ጭራ ዞሮ ፊት ለመቅደም ይሞክራል።

በግራሶ መርጫ ብቻ ለማከም አትሞክሩ፤ አዲሱ ግራሶ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ክፈቱት። ለዋናዎቹ ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ታኮ አድርጉ፣ ማንም ሰው ውስጥ አይኑር፣ ጭራውን በማኑዋሉ በተጠቀሰው ነጥብ አንስታችሁ ክብደቱን በማይንሸራተት ማቆሚያ ላይ አሳርፉ። በአግድም ጭራው ይዞ ማንሳት ክልክል ነው። ሰንሰለቶቹን ፍቱ። ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ ሮንዴላዎቹና ሳህኖቹ በቅደም ተከተላቸው ካልተመለሱ ጎማው ይሠራል፣ ግን ለጥቂት ጊዜ ነው። የአናቱን ክዳን ስታወጡ በሞላ የተጫነ ዕቃ እንዳይፈነጠር በጨርቅ ሸፍኑት።

ሁሉንም በማጽጃ ፈሳሽ እጠቡ፣ በአየር አድርቁ። ጥርሱን ብርሃን ላይ ይዛችሁ ጠርዞቹን እዩ፤ ስል መሆን አለባቸው። የተጠጋጋ ጠርዝ በሞረድ አይመለስም፤ ሞረዱ ቅርጹን ቢያሳምርም ጥርሱን ያሳጥረዋል፣ ክፍተቱም ይሰፋል። ይለወጥ። ጎድጓዳውም ከተበላ ጥርስ ብቻ መለወጥ ዋጋ የለውም፤ ሁለቱ አብረው ይለወጡ። ትንሿ የጥርስ ሞላ ርካሽ ናት፤ በተከፈተ ቁጥር አዲስ ማድረጉ ያዋጣል። በስኮት ዓይነቶች ውስጥ በትናንሽ ሞላዎች የሚጫን ሳህን አለ፤ መርገብገብን የሚገታው የእርሱ ሰበቃ ነው። እነዚያ ሞላዎች ከደከሙ ወይም ሳህኑ በአንድ ወገን ከተበላ ጎማው ንጹሕ ሆኖም ይርገበገባል። ግራሶ የሚገባበትንና የማይገባበትን ገጽ ማኑዋሉ ለይቶ ይነግራል፤ እዚህ ላይ “በዛ ያለ ግራሶ አይጎዳም” የሚለው ልማድ ይጎዳል።

ግራሶውን በተመለከተ ዓይነት አታቀላቅሉ። እንደ ኤሮሼል 22 ያሉት በሸክላ ማወፈሪያ የተሠሩ ናቸው፤ የመኪናው የተለመደው ግራሶ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሊቲየም ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ይቀጥናሉ፣ ይፈሳሉ። ዓይነት ከለወጣችሁ አሮጌውን ጨርሳችሁ ማጠብ አለባችሁ።

ስትገጥሙ ፍተሻው ቀላል ነው፤ ጭራው እንደተነሳ ሹካውን በእጅ ወደ ግራ አዙሩ፣ የለቀቀበትን አንግል አስተውሉ፤ ወደ ቀኝም እንዲሁ። ሁለቱ ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ወደ መሃል ስትመልሱት ጥርሱ ሲገባ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። በደነዘዘ ድምፅ ቀስ ብሎ የሚገባ ከሆነ እንደገና ክፈቱት።

በአቧራማ ሜዳ ደጋግሞ ለሚያርፍ አውሮፕላን የማኑዋሉ የጊዜ ገደብ ረጅም ነው፤ እኛ በየ25 ሰዓቱ መጥረግና መፈተሽ፣ በየ100 ሰዓቱ ደግሞ መክፈት እንመክራለን። በተጨማሪም የምድር ሠራተኞቻችሁ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ሲገፉ ጎማው ለቆ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሳቡትና መቆለፉን በድምፅ ያረጋግጡ። “በራሱ ለቀቀ” ከሚባሉት አንዳንዶቹ ፈጽሞ ያልተቆለፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰንሰለቱን መንጠቆና የባሌስትራውን ቡሎን ከተራ የብረት ዕቃ መደብር መግዛት ምን ነውር አለው? ጠንካራ ነው ብለው ይሸጣሉ። — ከዳላስ

መልስ፦ ጥንካሬ ብቻ አይደለም ጉዳዩ። የአቪዬሽኑ ኤኤን ቡሎን በራሱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ምልክት አለው፤ ክር የሌለው ገላው ርዝመት ከሚያያይዘው ዕቃ ውፍረት ጋር እንዲገጥም ተመርጦ ይታዘዛል። የመደብሩ ቡሎን ብዙ ጊዜ ክሩ ረጅም ስለሆነ ክሩ ቀዳዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ እንደ ሞረድ እየፋቀ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ስንጥቅም ከክሩ ሥር ይጀምራል። የማጠበቂያው ኃይል ልክም የታወቀ ነው፤ ማኑዋሉ ሌላ ካላለ፣ ለመደበኛ ዳዶ ኤኤን3 ከ20 እስከ 25፣ ኤኤን4 ከ50 እስከ 70፣ ኤኤን5 ከ100 እስከ 140፣ ኤኤን6 ከ160 እስከ 190 ኢንች ፓውንድ። በክንድ ስሜት የሚጠብቅ ሰው ትንንሾቹን ይበጥሳል፣ ትልልቆቹን ያላላል።

በኤስ ቅርጽ የታጠፈው መንጠቆ ደግሞ ሲሳብ ቀስ በቀስ ይከፈታል። የወጣ ሰንሰለት መሬት ላይ ቢጎተት ዕድለኛ ናችሁ፤ በራደሩና በኤሌቬተሩ መካከል ቢሰነቀር ግን ሌላ ነው። በፒንና በኮተር ፒን የሚዘጋ ማያያዣ ተጠቀሙ፤ ኮተር ፒኑ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ጥያቄ፦ የራሴ ጄ-3 ከብ አለኝ፣ የግል ፓይለት ፈቃድም አለኝ። ከነዚህ ሥራዎች የትኞቹን ራሴ መሥራት እችላለሁ? — ከማናሳስ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ በአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 43፣ አባሪ ኤ የመከላከያ ጥገና ብሎ የሚዘረዝራቸውን መሥራት ይችላሉ። ጎማ ማውለቅ፣ መጠገንና መግጠም፣ የቸርኬ ኩሽኔታ ማጽዳትና ግራሶ መቀባት፣ የተበላሸ ማሰሪያ ሽቦና ኮተር ፒን መለወጥ፣ ብዙ መፍታት የማይጠይቅ ቅባት መስጠት በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ባሌስትራ መለወጥ፣ የቆላፊውን ውስጥ መክፈት፣ የመሪ ሞላ በሌላ ዓይነት መተካት ግን የሉም፤ እነዚህ በኤ ኤንድ ፒ (የአውሮፕላን አካልና ሞተር ፈቃድ ባለው) መካኒክ ወይም በእርሱ ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ። ማውሉን አውርደው ስኮት ለመግጠም ካሰቡ ደግሞ ለአውሮፕላኑ የተሰጠ ፈቃድ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። የሠሩትን ሁሉ በመዝገቡ ላይ ያስፍሩ፦ የሥራውን መግለጫ፣ ቀኑን፣ ፊርማዎን፣ የፈቃድ ቁጥርዎንና ዓይነቱን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ከብ በክብደቱ ስፖርት ፓይለት (ቀለል ያለ የፓይለት ፈቃድ ያለው ሰው) የሚያበረው መሆኑ የጥገናውን ደንብ አያቀልም፤ የአውሮፕላኑ ሰርተፊኬት መደበኛው ስለሆነ ጥገናውም መደበኛው ነው። አውሮፓ ያላችሁ አንባቢያን ደግሞ ባለቤት-ፓይለት የሚሠራቸውን ሥራዎች ፓርት-ኤምኤል በሚባለው ደንብ ውስጥ ለብቻው ተዘርዝረው ታገኟቸዋላችሁ።

ጥያቄ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራ የጀመረባቸው እነዚያ ባለ ጭራ ጎማ ሲ-47 አውሮፕላኖችም መሬት ላይ በፔዳልና በሰንሰለት ነበር የሚዘወሩት? — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። በ1938 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1946) በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የበረረው ሲ-47 እንደ ዲሲ-3 ወንድሞቹ የጭራ ጎማው ከፔዳሉ ጋር አይገናኝም። ዙሪያውን በነፃ ይዞራል፤ ፓይለቱ የሚያዞረው በፍሬንና አንዱን ሞተር ከሌላው በማበርታት ነው። ለመነሳትና ለማረፍ ከኮክፒት በማንሻ ቀጥ አድርጎ ይቆልፈዋል። የሚሰበረውም በብዛት ሰው መቆለፊያውን ሳይፈታ ለመዞር ሲሞክር የመቆለፊያው ፒን ነው።

ጥያቄ፦ የስኮት 3200 ጎማ ልክ 2.80/2.50-4 ነው። በዚሁ ልክ የዕቃ መግፊያ ጋሪ ጎማ በጣም በርካሽ ይሸጣል። ልዩነቱ ምንድን ነው? — ከላስ ቬጋስ

መልስ፦ ልኩ አንድ መሆኑ እውነት ነው፤ ወጥመዱም እሱ ነው። የጋሪው ጎማ የተሠራው በእርምጃ ፍጥነት እንዲሄድ ነው። በማረፊያ ፍጥነት፣ በጎን ጫና፣ ጎኑ ይለጠጣል፣ ክብነቱም ብዙ ጊዜ ጉድለት አለው፤ ከላይ የተወራለትን መርገብገብ በገንዘብ መግዛት ነው። ለአውሮፕላን ያልተፈቀደ መሆኑም አለ።

ስትለውጡ የምታስታውሱት ነገር አለ። ቸርኬው በቡሎን የተያያዙ ሁለት ግማሾች ነው። አንድም ቡሎን ከመላላቱ በፊት የቫልቮላውን እምብርት አውጥታችሁ አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡ፤ አየር ያለበት ቸርኬ ሲፈታ ግማሹ እንደ ጥይት ይወጣል። የውስጥ ጎማውን ስትመልሱ በታልክ ዱቄት አሽታችሁ፣ በትንሽ አየር ቅርጽ አስይዛችሁ አስገቡ፤ ግማሾቹን ስታገጥሙ በመሃል እንዳልተቆነጠጠ ዙሪያውን በጣት ዳስሱ። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጥብቁ። አየሩን በማኑዋሉ ልክ ሙሉ፣ አውጡት፣ እንደገና ሙሉት፤ ያኔ የታጠፈ የውስጥ ጎማ ይዘረጋል። በማግስቱ ከመብረራችሁ በፊት አየሩን እንደገና ለኩ።